አንድ ሰው የቀረው

ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ማኅተም ያረፈበት
ደብዳቤ ላከልኝ፤ እንዲህ የሚል አለበት፦
«ልዩ አዋቂ ሆነሽ፣ የተጎጂውን ኑሮ፣
ከዛሬ እስከ ሞቱ፣ በብር ተቆጥሮ፣
አጥንተሽ አቅርቢ ለጥቅምት ቀጠሮ።»

እኔ የተማርሁት ሰው ማራመድ ነበር፣
በሰነፈ እግር ላይ ክብደትን ማሻገር፤
ለዕድሜ ዋጋ ማውጣት ማን አስተማረኝና!
ሠንጠረዥ ይዤ ወረድሁ፣ ጎሕ ሲቀድ ገና።

ሐረጎ ጉም ለብሷል። ሾፌሩ በየኩርባው
ከንፈሩን ያላውሳል፤ እኔ ድንጋዩን ነው የማየው፤
የቱ ነው? ይኼ ይሆን ሙህዬን የተቀበለው?
(በሩ በሽቦ ነበር አሉ የታሰረው።)

ኮምቦልቻ ሞቃለች። ከክር ፋብሪካው ጀርባ
ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ገባሁ።
ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ግራ እጁ ተኝቷል፤
ቀኙ ግን አሁንም የሌለ በር ስቦ
ይከፍታል፣ ይዘጋል።
ከቋንቋው ሁሉ የተረፈችው አንዲት ጥሪ ናት፣
ሲርበው፣ ሲያመው፣ ሲመሽ፣ ሲነጋ የሚላት፦
«ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!»

«አብሽሪ» አለች እህቱ ሩቅያ፣ «ድምፁን ለይቼዋለሁ፤
ጮክ ሲል ርቦታል። ዝግ ሲል ራሱን ነው።
ደጋግሞ ሲፈጥን ግን ሊጥለው ነው፣
ሮጬ ትራስ አመጣለሁ።»

ጻፍሁ።
የሚጥል በሽታ ክኒን፣ ጠዋትና ማታ፣ ዕድሜ ልኩን።
ተሽከርካሪ ወንበር፤ በየአምስት ዓመቱ ሌላ።
ዳይፐር፣ በወር ዘጠና። ጀርባውን ቁስል እንዳይበላው ፍራሽ።
የነርቭ ሐኪም፣ አዲስ አበባ፣ በዓመት ሁለቴ፣ ከነአጃቢው።
የንግግር ሕክምና። (በአቅራቢያው የለም።
ቢሆንም ጻፍሁት፣ ይኑር ብዬ።)
በሁሉም ላይ የገበያውን ንረት በመቶኛ ጨመርሁ።

ሩቅያ ወረቀቱን በትከሻዬ አየች።
«እስከ ስንት ዓመቱ አረግሽለት?»
«እስከ ስድሳ» አልሁ።
ጣቶቿን አጠፈች፤ የቆጠረችው የእሱን አልነበረም።
«ያኔ እኔ ሰባ ሁለት ነኝ» አለች።
«እኔንስ የት ጻፍሽኝ?»

ደሴ። ጥቅምት። ጦሳ ደመናውን አውርዶ
በችሎቱ መስኮት ላይ ተደግፏል።
መወጣጫ የለውም ደረጃው፤ ሙህዬን ከነወንበሩ
አራት ተሸካሚ አወጣው፣ እንደ ቁም ሣጥን።
(እሱንም ሒሳብ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር።)
የመድን ድርጅቱ ጠበቃ፣ አቶ ስንሻው፣ ተነሣ፤
«እህት እያለችው» አለ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣
«ማን ደመወዝ ይከፍላል፣ ዝምድናን ሥራ አድርጎ?»

አልሁ፦ «ክቡር ፍርድ ቤት፣
ሩቅያ ፋብሪካውን የለቀቀችው በእሱ ነው።
ሌሊት አራት ጊዜ ታገላብጠዋለች።
ወገቧን እኔው ነኝ ያየሁላት።
እሷ ስትወድቅ፣ ማን ያነሣዋል?»
«ይህ ግምት ነው ወይስ ማስረጃ?» አለ።
«ግምት ነው» አልሁ። ውሸት አልለመድሁም።

ይኼኔ ሙህዬ አዳራሹን ቃኘ፤
ረድፍ ወንበር አየ፣ ሰው ተጣቦ የተገኘ፤
ቀኝ እጁን ዘረጋ፣ አየሩን ሳበው፦
«አንድ ሰው! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!»
ከኋላ ሳቁ። ፖሊሱም ሳቀ።
ቀጥሎ ሳቁ ራሱን ሰማና ወደቀ።
ሩቅያ ብቻ ጆሮዋን አዘነበለች፣
የትኛው ድምፅ እንደሆነ ልትለይ፤
አላወቀችውም። ይህን ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም።
ዳኛው ብዕራቸውን አነሡ።
ምን እንደጻፉ አላየሁም።
«ለውሳኔ፣ ኅዳር ሃያ ስድስት።»

ሲመሽ ሸኘኋቸው ወደ ኮምቦልቻ።
መናኸሪያው ደጅ ላይ አንድ ልጅ፣ ጢም የሌለው፣
በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል ያንኑ ቃል፤
ሙህዬ ከውስጥ ሆኖ ይመልስለታል።
«በሩን በደንብ ዝጋው፣ የኔ ወንድም» አልሁት።
ጉልበቱን አስደግፎ መታ መታ አደረገና፣
«አብሽሪ እትዬ» አለኝ፣
«በሽቦ አስሬዋለሁ።»