በርበሬ ሲቀነስ

ጳጉሜን ሦስት ነው ዛሬ፤
ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ ሰው አይታይም በቡሬ።
ጎሚስታ ቤቴን ዘግቼ ከውስጥ ተቀመጥሁ፣
እርሳሴን በምላጭ ቀረጽሁ፣
የዓመቱን ፊልም ልዳኝ ብዬ ደብተሬን ገለጥሁ።

ስልሳ ሁለት ፊልም። ቀኑ፣ ወሩ፣ የመግቢያው ዋጋ፣
መብራት የሄደበት ሰዓት፣ ማን ከማን እንደተጠጋ፣
ተጽፏል አንድ ሳይቀር። ያልተጻፈው ይህ ነው፦
የቱ ልብ አቃጠለ?
የቱስ ከዓይን ላይ ቀረ፣ ከዓይን አልዘለለ?

ሌላ አገር ቢሆን ቀላል ነው፤ ያለቀሰ አለቀሰ።
እኛ ጋ ግን እንባ ይመረመራል፣ ምን ቀላቅሎ እንደፈሰሰ።
የአትጠገብ ቪዲዮ ቤት፣ የአያ ቢያድግልኝ መጋዘን፣
ትከሻ ለትከሻ ናቸው፤ አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው የሚለየን፤
እሱም ተሰንጥቋል።
ጥቅምት ገብቶ ዛላው ሲራገፍ በኩንታል በኩንታል፣
ተዋናይዋ ገና አፏን ሳትከፍት አዳራሹ ያለቅሳል።

ኅዳር ላይ ያ የፍየል ሌባ፣ ያ አሳቂ ፊልም፣
ሊሸጣት ገበያ ሲያወጣት ፍየሏ አልለቅህ ብላ
ፖሊስ ጣቢያ የገባችው ተከትላ፣
ሳቅን እኮ፤ ግን ሁሉም ፊቱ በእንባ ታጥቦ፣
የሒሳብ መምህሩ ሳይቀር መሐረቡን አርጥቦ።
ስለዚህ ሕግ አወጣሁ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር የታየ
ሦስት ነጥብ ይቀነስበታል፤ ሕጉ ወዳጅ አልለየ።

የአዲስ አበባው ያ የፍቅር፣ ሁሉም ሶፋ ላይ የሚቀመጥ፣
ሶፋ ላይ የሚያኮርፍ፣ ሶፋ ላይ የሚታረቅ፣ ሶፋ ላይ የሚሞት፦
«ሶፋው ጥሩ ተጫውቷል» ብዬ አራት ሰጠሁት።
መጋቢት ላይ ደግሞ አለ፣ ገዳዩ ሊታወቅ ሲል መብራት የሄደበት፤
ባጃጅ ነጂዎቹ እስከ ዛሬ ይካሰሱበታል፣
እኔ ግን ገዳዩ መብራት ኃይል ነው ብዬ ዘጋሁት።

የሕንዶቹ መንትዮች ግን፣ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ተከሳሽ፣
ይኸነው ነው የተረጎመው፣ ከስክሪኑ ጎን ቆሞ፤
ሕንድኛ አያውቅም፤ አፉ ግን አይያዝም ፈጽሞ።
እናትዮዋን የገበያ ሴት አደረጋት፣ የቡሬ ቅዳሜ፦
«አንድ ሆድ ያስተኛኋችሁን ችሎት ይለያችሁ? ወይ ዕድሜ!»
ሚያዝያ ላይ ያንኑ ፊልም በስልክ አገኘሁት፣ ጽሑፍ ከታች ያለው፤
እናትዮዋ ለካ ያለችው «ግባ፣ ምሳህ ቀዝቅዟል» ነው።
ሁለተኛ አደረግሁት።
ፊልሙን አይደለም፣ ይኸነውን።

አንደኛው የነሐሴ ነው።
መጋዘኑ ባዶ፣ ተጠርጎ፣ ፍሬ እንኳ የሌለበት፤
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይኸነው ድምፁ ጠፋበት፤
ተወው፣ መጥቶ ከእኛ ጋር ተቀመጠ።
ከዝናቡ ሊጠለል አያ ቢያድግልኝ ገባ፣
ሠላሳ ዓመት በርበሬ ላይ የተኛ፣ ዓይኑ የማያውቅ እንባ፣
ዛላ ፈልፍሎ በዚያው እጁ ዓይኑን የሚያሽ ሰው።
በር ላይ ቆመ። ቁጭ በል ብንለው
«ልሄድ ነው» አለ፤ አልሄደም።

ጫማ ሰፊ ነው ሰውዬው፣ ልጁ ለዘመቻ የሄደበት።
በየዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ አንድ ጥንድ ይሰፋለታል፣ ቁጥር እየጨመረለት፦
ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ፣ አርባ አንድ፣ መደርደሪያው እስኪሞላ።
ልጁ መጣ። ጢም አውጥቷል፤ አስተያየቱም ሌላ፤
እግሩ ግን ያው ነው፣ በሄደ ዕለት የነበረው።
አባት አንዱን አጠለቀለት፤ ሰፋው።
ሌላውን፤ ሰፋው።
ዝናብ ነበር። ምን እንደተባባሉ አልሰማንም።

አምፖሉ ሲበራ አያ ቢያድግልኝ በሩን ይዞ ቆሟል፣
ጉንጩ ርሷል፣ ጢሙ ርሷል።
«ምን ያለ በርበሬ ነው!» አለ።
ማንም አልሳቀ። አትጠገብ ከሁላችን ቀድማ
«ዘንድሮስ ያቃጥላል፣ አያ» አለች፤ ቤቱም «አዎ፣ አዎ» ብሎ ተስማማ።

ርእሱን አላውቀውም፤ ዘግይቼ ነበር የገባሁ።
«የጫማው» ብዬ ጻፍሁ፤
ከጎኑም፣ በሕጉ መሠረት፣ በደቃቅ ፊደል፦
የሚቀነስ በርበሬ፣ የለም።