የስልክ ጭሰኛ

በርበሬው ረክሶ፣ «ዋጋው ገደለን» ብዬ
ጻፍሁ ቡሬ ገበያ፣ ቁጭ ብዬ ከጆንያዬ።
ባሕር ማዶ ያለው፣ አማርኛ ያልገባው፣
«ገደለ» የሚል ቃል ደም መስሎት ቢያነበው፣
ስድስት ዓመት ሙሉ ደንበኛ ያፈራሁበት
ደጄን ከረቸመው፤ ደግሞ ለማን አቤት?

የባለርስት ልጅ ነኝ፤ በምን ውል፣ በየት ዳኛ
ሆኜ ተገኘሁ የስልክ ጭሰኛ?

ይታክቱ፣ የወፍጮ ቤቱ ልጅ፣
ዱቄት እየጠረገች ካሮጌ ኮምፒውተር
ጎጆ ቀለሰችልን፣ የራሳችን መንደር።
ጠባብ ናት። መብራት ሲሄድ አብራ ትሄዳለች፤
አርባ ሰው ሲገባ ታቃስታለች።

ዛሬም ጻፍሁ እዚያው ላይ፣ «ዋጋው ገደለን» ብዬ።
ወዲያው መለሰ አንዱ የደምበጫ ደንበኛዬ፦
«እግዜር ያጥናችሁ።
ስንት ኪሎ ቀራችሁ?»