ሁለት እጅ

አንድ ሰዓት ከሩብ ነው፤
በኬፕታውን ዳርቻ ሀኖቨር ፓርክ ነቅቷል፤
ሌሊት የተተኮሰው
በዳቦ ቤቱ ግንብ አዲስ ዓይን አውጥቷል።
ዋሺላ ብርቱካንማ ሰደርያዋን ለብሳ፣
የኑርጃንን ደጅ፣ የፋኢቅን ደጅ አንኳኩታ ቀስቅሳ፣
ትምህርት ቤት ለማድረስ ልጆች ትቆጥራለች፤
ትናንት ሠላሳ አንድ፣ ዛሬ ሠላሳ ናቸው፤ «አንድ ጎደለ» አለች።

ታሽሪቅ ነው የቀረው። ገባች ሳትጠራ፤
ዩኒፎርሙን ለብሶ ካልጋው ግርጌ ቁጭ ብሏል፣ ከጫማዎች ጋራ።
«ምሳህን አሳየኝ።»
በሁለት ቁራጭ ዳቦ መሐል ቢላ ተኝቷል፣
የሽንኩርት ቢላ ነው፤ የላላ እጀታው በፕላስተር ታስሯል።
«በር ላይ ይጠብቁኛል፤ ባዶ እጄን አልሄድም»
አለ፤ ዐሥራ ሦስት ነው፤ ፊቱ ገና ምላጭ የሚባል አልለመደም።

እሷም ልጅ ነበራት፣
ባዶ እጁን ያልሄደ፤
እሑድ እሑድ ብቻ በመስታወት ማዶ ፊቱን የሚያሳያት፣
ፀጉሩ ያለ ዕድሜው ሽበት የወለደ።

አልጮኸችም። ስጠኝ አላለችም።
«ጉልበቴን አሞኛል፤ ቀዩን ባንዲራ ያዝ፣ መኪና አቁምበት፤
በዚያኛው እጅህ ኑርጃንን ያዛት፣ ትሮጣለች ድንገት።»
ሁለት እጅ ነው ያለው። ሁለቱም ተያዘ፤
ቢላው ጠረጴዛ ላይ ሽንኩርቱን ሲጠብቅ፣ ሰልፉ ተጓዘ።

በሩ ላይ የቆሙት ባንዲራውን አይተው፣
ምራቃቸውን ተፍተው፣ ወደ ጥግ ዞር አሉ፤
አጥሩ ይርዘም፣ ካሜራ ይተከል፣ ይላሉ ወላጆች፣ ይከራከራሉ፤
ዋሺላ ትቆጥራለች፤ ሠላሳ አንድ። ሁሉም አሉ።

ነገን እንጃ።
እቤቷ ምስማር ላይ አራት ሰደርያ አለ፣ ለባሽ የሚጠብቅ፤
እኔስ መጋረጃዬን በሁለት ጣት ገልጬ
ስንት ጧት ልደበቅ?