የሚዛን ግዥ

ጥያቄው ኅዳር ላይ ነበር፤
ከኮምቦልቻ ግቢ፣ ከቤተ ሙከራ፣ የጻፈችው ዘምዘም ይመር።
«አንድ ሚዛን። ከግራም በታች አራት ቤት ድረስ የሚያነብ፣
ትንፋሽ የማያወዛውዘው፣ የሚታመን በሂሳብ።»
አንድ መስመር። አንድ ፊርማ።
ሐረጎን ዞሮ ወጣ፤ ደሴ ገባ፣ የጦሳ ጉም ሳይነሣ ከከተማ።

እኛ ዘንድ ግን ወረቀት ጉልበቱ ደካማ ነው፤ ያርፋል፤
በአንዱ ጠረጴዛ ያድራል፣ በአንዱ ይከርማል።
«ከዕቅድ ውጭ ነው» ተባለ፤ ጥር ላይ ገባ በዕቅድ፤
«የበጀት መደቡ ተሳስቷል» ተባለ፤ የካቲት ዞረ በሌላ መንገድ።
መጋቢት ዝርዝሩ ተጻፈ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ልናገር፣
ሚዛን ነክቼ የማላውቅ፣ ከበርበሬ መዘኛ በቀር።
«የምርት ስም እንዳይጠቀስ» ይላል መመሪያው፤ አልጠቀስኩም፤
በዘምዘም ቁጥር ፈንታ «ዘመናዊ» ብዬ አሰፈርኩ፤ ያኔ ምንም አልጠረጠርኩም።

ሚያዝያ ሃያ ሁለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣
ሣጥኑ ተከፈተ፣ ተጫራቾች በተገኙበት።
ስድስት ፖስታ ነው፣ ሁሉም በቀይ ሰም ታሽጓል፤
በምላጭ ሲላጥ፣ ሰሙ ጠረጴዛው ላይ እንደ ቅርፊት ይረግፋል።
ሰሙን አነሣን። ወርቁን?
ማንም አልጠየቀ። ጮክ ብለን አነበብን ዋጋና ቀኑን።

ሃያ ዓመት ሚዛን የጠገነው፣ የአራዳው አቶ እንድሪስ፣
በአንድ ገጽ ላይ ማኅተም ረስቶ ወደቀ። አወጣው ከኪስ፤
«ይኸው፣ አሁን ልምታው» አለ። «አይሆንም» አልነው፤ «ሕጉ አይልም።»
መልሶ ከተተው። አልተቆጣም።
ከቀሩት ያሸነፈው ትንሹን ዋጋ የጠራ፤
ጉቦ የበላ የለም፤ ይህም ይቆጠርልን ከሥራ።
አምስት ቀን ለቅሬታ ተሰጠ፤ ቅሬታ የለም።
ውል ተፈረመ። ዕቃው ግን እስከ ሰኔ ማለቂያ አልታየም።

ሰኔ ሃያ ስምንት፣ በጀት ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀር፣
ካርቶኑ ወረደ፤ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ተቆረጠ ከዝናብ ሥር፤
«ሚዛን፣ አንድ፣ ዘመናዊ።» ፈረምን ሦስታችን።
ገንዘቡ ተመላሽ አልሆነም፤ ተጨባበጥን፣ ደስ አለን።

ሐምሌ ላይ ደውላ ጠራችኝ ዘምዘም።
ቀለበቷን አወለቀች፣ አስቀመጠችው፤ ዝም።
ሦስት ነጥብ አንድ አለ። አንሥታ መለሰችው፤ ሦስት ነጥብ አራት።
መስኮቱን ዘጋች፤ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ። ብትቆጣኝ ምን ነበረበት!
«ለሽንኩርት ደህና ነው» አለች፤ «ለመድኃኒት ግን አይሆንም፤
ልጆቹ ዘንድሮም በግምት ጻፉ፤ ከእንግዲህ ጊዜ የላቸውም።»

ሰኞ ገበያ ወረድኩ፣ ምስር ልገዛ፤
ከድጃ አረቡ ቆማለች፣ ሚዛኗን በገመድ ይዛ።
በአንድ ወገን ድንጋይ አለ፣ ከቦርከና ዳር የለቀመችው፣
ከብረት ኪሎ ጋር አስተያይታ ጉድለቱን በሚስማር የሞላችው።
ልኩን መዘነች፤ ከዚያ እፍኝ ጨመረች፦ «ይህ ደግሞ ምርቃት።»
ፌስታሌን ይዤ ቀረሁ። በእኛም ግቢ በዚያ ሳምንት
ጥቁር ካባ ይታደል ነበር፤ የዘምዘም ልጆች ተሰልፈው፣
ለምርቃት፣ የገመቱትን ቁጥር በልባቸው አቅፈው።

ትናንት ጥያቄ መጣ፤ «አንድ ሚዛን» ይላል፣ የእሷው ጽሕፈት፤
«አራት ቤት» የምትለዋን ሁለቴ አስምራባት።
ይኸው አራዳ ቆሜያለሁ፣ ከአቶ እንድሪስ ሱቅ በራፍ፣
«አራት ቤት ምን ማለት ነው?» ልል፤ ከዚያ ሄጄ ልጽፍ።
ከተጫራች ጋር መመካከር ክልክል ነው፤ አንቀጹን በቃሌ አውቃለሁ።
ከውስጥ የሞረድ ድምፅ ይሰማል።
ቆሜያለሁ።