አነሷት

ሣጥኖቹ ሲደርሱ፣ መርከብ ሆድ ውስጥ ከርመው፣
ማኅተም በማኅተም ጎናቸው ተሸልመው፣
ሪጋ፣ ኦሳካ፣ ሊዝበን፤ ሚስማር የነቀልኩ
እኔ ነኝ፣ ኦስባልዶ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ክሬን ላይ የዋልኩ፣
ጉልበቴ ሲከዳኝ ወንበር የታደልኩ፣
በቫልፓራይሶ ወደብ፣ በአሮጌው መጋዘን፣
የፎቶ ዘበኛ፣ ከቢጫው መስመር ላይ ሰው እንዳያልፍብን።

መቶ አርባ ሰቀልን። ጎርፍ ከጦር ሜዳ
ጎረቤት ሆነና ባንድ ነጭ ግድግዳ፣
የረሃብ ዓይን ደግሞ ከዋንጫ ፈንጠዝያ
ሁለት ክንድ ሳይርቅ ተሰቀለ እዚያ።
ሰዉ መጣ ተሰልፎ፣ ካፖርቱ እንደ ረጠበ፣
ዝም ብሎ አየ፤ ዝም ብሎ አነበበ፤
ከንፈሩን መጠጠ፤ ራሱን ነቀነቀ፤
ዓሣ ቤት ወረደ፣ ምሳ ሰዓት ሳያልፍ፣ ረሃቡን አወቀ።

በሦስተኛው ቀን ነው አንዲት አጭር ሴትዮ
አርባ ሰባት ቁጥር ሥር ቆማ የቀረች።
ቢጫውን አልፋለች።
«እመቤት፣ ወደኋላ» ስላት፣ ዞር ሳትል
«ያቺ እኔ ነኝ» አለች።

ፎቶውን አየሁት። አየሁ የሷን መልክ።
እዚያ ግዙፍ ናት፣ ሦስት ክንድ ሙሉ ልክ፣
አመድ መሀል፣ ምድጃ ላይ፣ አፏ እንደ በር ተከፍቶ፤
እዚህ ግን ደረቴን በጭንቅ ነው የምትነካ።
ሰው የሚያድገው ሲሰቀል ነው ለካ።

ከሥሩ ጽሑፍ አለ፤ ጣቷን ቀስራ አነበበች፦
«ከቃጠሎው ማግስት፣ ልጆቿን ያጣች እናት ስታለቅስ።»
ሳቅ ይሁን ሳል እንጃ፣ አንድ ነገር ጉሮሮዋን ቧጠጠው።

«ወልጄ አላውቅም እኔ። አላለቀስኩም።
ምድጃው የብሪሂዳ ነው፣ የጎረቤቴ፤ የእኔን አላገኘሁም።
የተቀመጥኩትም አመዱ ገና ፍም ሆኖ ጫማዬ ቢቀልጥ ነው።
አፌን የከፈትኩት
ካኔላን ስጣራ ነው፤ ውሻዬን።
ሰውየውን አላየሁት። መቼ እንዳነሳኝ እንጃ።
አመዱን ግን፣» አለች ጠጋ ብላ፣
«አመዱን አሳምሮ ይዞታል። አመዱ እውነት ነው።»

አነሳት ይላሉ።
እርግጥ ነው፣ አነሳት፤ በመብራት፣ በዋጋ፣
ከፍ አድርጎ አነሳት ከሊዝበን እስከ ሪጋ፤
ከዚያ አመድ ላይ ግን፣ ያን ቀን፣ ከዚያ ቦታ
የተነሳችው በጉልበቷ ነው፣
የሰው ምድጃ ተመርኩዛ፣ ብቻዋን፣ ማታ።
እሱንም አልረግም። ጫማው የእሱም ቀልጦ ሊሆን ይችላል፤
ባይመጣ ኮረብታችን መንደዱን ኦሳካ ላይ ማን ያውቃል?

«ውሻዋስ?» አልኳት።
«በዘጠነኛው ቀን መጣች፣ በሦስት እግሯ።
አሁን አርጅታለች፤ ዓይኗም ጠፍቷል። ደጅ አስሬአታለሁ።»
ደንቡን አውቃለሁ፤ ውሻ አይገባም ይላል።
በሩን ከፈትኩላት።

ካኔላ ገባች። ፎቶ ለሷ ምኗም አይደለም።
ማሽተት ብቻ፦ ሙጫ፣ እርጥብ ካፖርት፣ በልጅ ኪስ ያለ ኤምፓናዳ፤
ሽታ ተከትላ በእግሮች ጫካ ጠፋች፣ ከግድግዳ ግድግዳ።
ያኔ ሴትዮዋ አፏን ከፈተች። ያው አፍ፣ ያው አከፋፈት፦
«ካኔላ!»
አዳራሹ ዞረ።
ዐሥራ ሁለት ስልክ ከፍ አለ፣ ባንድ ትንፋሽ፣ ባንድ ፍጥነት፤
አነሷት።

ስሟን የጠየቀ አንድ እንኳ አልነበረም።
እኔም ብሆን የጠየቅኳት ስትወጣ ነው፣ የውሻዋን ገመድ ሳቀብላት።
ኤርሜሊንዳ።

ዛሬ ሣጥን ዘጋን። ቀጣዩ ግዳንስክ ነው።
አርባ ሰባትን ሳወርድ፣ ከጀርባው፣ እንጨቱ ላይ፣
በአናጢ እርሳስ ጻፍኩ፦ «ኤርሜሊንዳ፣ ውሻዋን ስትጣራ።»
ማንም አያነበውም። ፊቱ ወደ ሰው፣
ጀርባው ወደ ግድግዳ ነው የሚሰቀለው።
ግን ግድግዳ ጆሮ አለው ይባል የለ፤ ለሱ ነገርኩት።

ክዳኑን ልመታ ስል፣ ከሣጥኑ ስንጥቅ
አንዲት አጭር ፀጉር አየሁ፣ ቀረፋ የመሰለች።
አላነሳኋትም።