ምርቃት

ጦሳ ጉሙን ጥሎ ሙጋድ ሲጨላልም፣
አሊጋዝ ሸራውን ገና አልሰበሰበም።
የሂሳብ መጽሐፍ ልገዛ ነበር፣
ተከራክረን ቆየን እስከ ሰማንያ ብር።
«አብሽር፣ ምርቃት አለው» ብሎ ጨመረልኝ፤
ማር ቆርጬ አላውቅም፣ የንብ መጽሐፍ ሰጠኝ።

ሂሳቡ እንደታሰረ ሌቱ በንብ ነጋ፤
በሳምንቱ ሄድሁ ሌላ ሰበብ ፍለጋ።
ያኔ የጨመረልኝ የመርከብ ታሪክ ነው፣
ከሐይቅ ሌላ ውሃ አይቼ ለማላውቀው።
ከዚያም ልብ አንጠልጣይ፣ መጨረሻው የለም፤
ገዳዩን እስከዛሬ እኔም አልያዝሁትም።

ዛሬ «ምርቃቱን ብቻ ሽጥልኝ» ብለው፣
ሸራውን ሲጠቀልል ሳቁ አመለጠው።
«ምርቃት ይሸጣል ወይ? አሚን በልና ያዝ!»
ብሎ አንዱን አቀበለኝ በጨለማው አሊጋዝ።

ያዝሁ።
ርዕሱን ቤት ስደርስ አያለሁ።