ማስያዣ

አራት ሱፍ ነው ያለን፣ ፒያሳ ሱቃችን፤
ስንቱን ሙሽራ ሸኘ ይኸው መስቀያችን።
ጥቁሩ ሠላሳ ጊዜ፣ ግራጫው አርባ አንድ፣
ሰርግ ውለው መጥተዋል ከሐይቅ እስከ ሐረጎ መንገድ።
ጋሽ ሙሄ ከፊት ሆኖ ማስያዣ ይቀበላል፤
የኔ ዓይን ከጓዳ ሆኖ እድፍ ያነባል።

ይህ ሰም ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ እጅጌው ጫፍ ላይ፤
ጋዜጣ አነጥፌ ካውያ አሳልፋለሁ ከላይ፤
ሰሙ ወደ ዜናው ይሰርጋል ቀስ ብሎ፣
ያበራል የባለሥልጣን ፊት ወዝ ተቀብሎ።
ይህ የወጥ ቅባት ነው። ዱቄት ነስንሼ
አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ላራግፈው በብሩሼ።
ትከሻው ላይ ጥቁር ነገር፦ የእናቱ እንባ ነው ከነኩሉ፤
በትኩስ ዳቦ ውስጠኛው እለቅመዋለሁ፤ ይወጣል ሁሉ።
ይህ ቀለም ነው፤ ኒካሑን ሲፈርም እጁ ተንቀጥቅጦ
እስኪርቢቶው ተፋበት፤ ሸሚዙ ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ
ወተት ሲጠጣ ያድራል እንደ ጡጦ ልጅ።
ደም ከሆነ፣ እናቴ ትል ነበር፦ «ቀዝቃዛ እንጅ፣
ሙቅ ውሃ አታስነኪው፤ ይበስልና ቤቱ ያደርገዋል።»

የአበባው መርፌ ዝገት ሎሚና ጨው ይፈልጋል፣
ሎሚና ጨው ደግሞ ፀሐይ።
ፀሐይ በሐምሌ ደሴ የታለች? ጦሳ ላይ
ጉሙ እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ተኝቶ አይነሳም፤
የተሰጣ ሸሚዝ ውሃው በሳምንትም አይከሳም።
ስለዚህ እርጥባችንን በፌስታል ጠቅልለን፣
ለሚኒባሱ ረዳት ለኑርዬ ሳንቲም ከፍለን፣
በጠመዝማዛው ቁልቁል ኮምቦልቻ እንልካለን።
አክስቴ ዘምዘም ግቢ ፀሐይ አለ፣ የኛን ድርሻ ጨምሮ፤
የእርድ ቢጫ እንኳን ይለቃል፣ ከሰዓት፣ በፀሐይ ተመክሮ።

ሂና ግን አይለቅም።
ሎሚም፣ አቼቶም፣ ነጭ ጋዝም፣ የአመድ ውሃም ሞከረው፤ አይለቅም።
አበጋዝ የሚሉት የሹፌር ልጅ ግራጫውን ሲመልስ
ክንዱ ላይ አምስት ጣት ነበረ፣ እንደ ማኅተም፣ ጥርት ብሎ፤
መኪናው ድንገት ሲነሳ፣ ሂናው ገና ሳይደርቅ፣
ሙሽሪት ደንግጣ ይዛው።
ጋሽ ሙሄ ብሩን ወደ መሳቢያው መልሶ ከተተው።
አበጋዝ ሳቀ። «ይቅር ጋሼ» አለ፣ «ዋጋዋ ነው።»
ወጣ። ደግሞ ከበር ተመልሶ
እጅጌውን አንዴ አየው።

ጥቁሩን ጌጡ ይማም ሰኞ ጠዋት አመጣው፣
ታጥፎ፣ ከኛ እጅ እንደወጣ።
መስኮት ላይ ዘረጋሁት። ደረቱን፣ ክንዱን፣ ጉልበቱን
አገላበጥኩ፤ የወጥ ጠብታ፣ የሰም፣ የሰው ኩል ፈለግሁ።
ምንም።
ኪሱን የሰፋሁበት ክር እንኳን አልተፈታም።
ጋሽ ሙሄ ማስያዣውን ቆጠረለት፣ አንዲት ብር ሳያጎድል፤
ጌጡ ግን አልቆጠረም። «ይስጥልኝ» አለና
ዝናቡን እንደማያይ ሰው ወደ ሰኞ ገበያ ወረደ።

«ንጹሕ ነው፣ ሳታጥቢ ስቀይው» አለኝ ጋሽ ሙሄ።
አንገትጌውን ስገለብጥ
አንዲት ቀጭን መስመር አገኘሁ፣ ነጭ፣ የጨው።
ለካ ለብሶት ነበር።
ተቀምጦ፣ አንድ ሰዓት፣ ምናልባት ሦስት፣
ስልኩን እያየ፣ በሩን እያየ፣
በዚያ ሁሉ ብርድ አልቦት።

አቼቶ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጌ አሸሁት።
ለቀቀ።
በአንድ ማሸት ለቀቀ።
ለሂናው አራት ቀን የታገለ እጄ
ጨርቁን እንደያዘ ቆመ፤
ትንሽ እንኳን እንቢ ቢል ምን ነበር።

ቅዳሜ ሌላ ሰው ይለብሰዋል፤ ከወረባቦ ነው አሉ፣ ረዥም ነው።
መስቀያው ላይ መለስኩት፣ ከግራጫው ጎን፣ ክንድ ለክንድ፤
አምስቱ ጣት ወደ እሱ ዞረው።